«ባዶ ነው አልክ?»

እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ ቃል የገባሁላችሁ የዓሣ መንጠቆዬ ላይ ስለምጠመጥመው የዶሮ ላባ ነበር። ቀዩ አውራ ዶሮ ደህና ነው፣ የጠየቃችሁኝ ሁሉ፤ የአንገቱ ላባ መልሶ በቅሏል። ግን... ቅዳሜ ከቁንዲ ተራራ ሥር የሆነችው ነገር ከውስጤ አልወጣ አለች። አራት ቀኗ ነው። ስለ ላባው ሌላ ቀን።

ያቺን ጅረት ታውቋታላችሁ። ክረምቱ ወጥቶ ጥርት ብላለች፣ ከሥሯ ያለው ጠጠር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ቴርሞሜትሩን ነከርኩ፣ 12 ዲግሪ። ትራውት የሚባለው ዓሣ የሚወደው ይሄንን ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከድንጋይ ድንጋይ እየተላተመ የሚወርድ፣ አየር የጠገበ። 20 ዲግሪ ካለፈ ዓሣው ይጨነቃል። አንድ ድንጋይ ገለበጥኩ። ከሥሩ ጭራዋ ሦስት የሆነ ጠፍጣፋ ነፍሳት፣ ከጎኗ ደግሞ ከአሸዋ ቅንጣት ቤት ሠርታ ውስጡ የምትኖር ትል። እነዚህን ነው የሚበላው፤ እኔም መንጠቆዬ ላይ ላባ የምጠመጥመው እነዚህን ለማስመሰል ነው። ምግቡ አለ፣ እንቁላሉን የሚጥልበት ጠጠር አለ፣ ከፏፏቴዋ ሥር ጥልቅ ማረፊያ አለ። ዓሣው ብቻ የለም። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ አይቻለሁ፣ አንድም አላየሁም።

ባሌ፣ ዲንሾ ሄጄ ትራውት አጥምጄ ከተመለስኩ ወዲህ ምን እንደማስብ ልንገራችሁ። ባሌም እኮ ትራውት አልነበረም። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ከኬንያ ተጭኖ መጥቶ ነው ወንዞቹ ውስጥ የተለቀቀው። ለኬንያም ቢሆን እንግዳ ነው፤ ሬይንቦው የሚባለው የትራውት ዓይነት ሀገሩ ሰሜን አሜሪካ ነው፣ ብራውን የሚባለው አውሮፓ። ዛሬ ዌብ ወንዝ ላይ ስትቆሙ ግን እዚያው የተፈጠረ ይመስላችኋል። እና እኔም ከባሌ ወደዚህች ጅረት... ሃያ ጫጩት ዓሣ፣ አየር የተሞላ ላስቲክ፣ አንድ ሌሊት መንገድ። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። ለማንም አልነገርኩም፣ አሁን ለእናንተ ነገርኩ።

ቅዳሜ ግን መንጠቆውን ቆርጬ በላባው ብቻ ውርወራ እየተለማመድኩ ነበር። ውርወራው አሁንም ያስቸግረኛል። ጅራፍ ያጮኸ ልጅ ይገባዋል። ለቡሄ ጅራፍ ስናጮህ ጥበቡ ያለው ክንዱን ቶሎ በመመለሱ ላይ ነው፣ ጧ! የሚለው ያኔ ነው። እዚህ ግን ተቃራኒው ነው። ክሩን ወደ ኋላ ትልካለህ፣ እስኪዘረጋ ትጠብቃለህ፣ ከዚያ ወደ ፊት። ሳትጠብቅ ከመለስከው ይጮኻል፣ ከጮኸ ደግሞ ላባው ተበጥሶ ይቀራል። ዲንሾ ያሳየኝ ልጅ «ወንድሜ፣ ጅራፉን እርሳው» ይለኝ ነበር። እንዴት ልርሳው? ጅራፍ መግመድ ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ በሬሳ ከሚባለው ወንዝ ዳር፣ ከእጄ ላይ እጁን ጭኖ... እሱን ተዉት። ዛሬ እሱን አላወራም።

ብቻ እየወረወርኩ ሳለ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ። እናት ናቸው፤ ቢጫ ጀሪካን በገመድ አዝለዋል፣ በባዶ እግራቸው።

«ደህና ዋልክ ልጄ። ምን ጠፋብህ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን እማማ። ምንም አልጠፋብኝም፣ ዓሣ ማጥመድ እየተለማመድኩ ነው።»

«ዓሣ አለው እንዴ?»

«የለውም፣ ባዶ ነው።»

ጀሪካኑን አወረዱ። ውሃውን አዩ። እኔን አላዩም፣ ውሃውን ነው ያዩት፣ ረዘም ላለ ጊዜ።

«ባዶ ነው አልክ?»

በቃ። አልተቆጡም፣ አልቀለዱም። ገበያ ላይ ዋጋ ሲጠሩልህ በደንብ ሳትሰማ ቀርተህ እንደምትጠይቀው ዓይነት ነበር። ከዚያ ጎንበስ ብለው ሞሉ። አሸከምኳቸው፣ «ተባረክ» አሉኝ፣ ዳገቱን ያዙ።

መልስ አልሰጠኋቸውም። ምን እላቸዋለሁ? እሳቸው ከቆሙበት ቦታ ተንበርክኬ አየሁ። እኔ ጥልቅ ማረፊያውን ብቻ ሳይ ነበር የቆየሁት። ዳር ዳሩ፣ ውሃው ጣት በማይሸፍንበት፣ ጭራ ያላቸው ጥቋቁር የእንቁራሪት ልጆች ሞልተዋል፤ ጥላዬ ሲያርፍባቸው ተበተኑ። ሦስት ቅዳሜ እዚያው ነበርኩ እኮ!

ማታ ቤት ገብቼ አነበብኩ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሴራ ኔቫዳ የሚባሉ ተራሮች አሉ። ዓሣ ያልነበረባቸው ከፍታ ላይ ያሉ ሐይቆች ውስጥ ለአስጋሪ ደስታ ሲባል ትራውት ተለቀቀ። ትራውቱ የእንቁራሪቶቹን ልጆች በላ፣ እንቁራሪቶቹ ከብዙ ሐይቅ ጠፉ። ኋላ ላይ ከአንዳንዶቹ ሐይቆች ትራውቱን በመረብ ሲያወጡት እንቁራሪቶቹ ተመልሰው በዙ። ሐይቅ ነው እንግዲህ፣ መረብ ይጣልበታል። ከቁንዲ ሥር ተነስቶ ቁልቁል ወደ አዋሽ የሚሮጥ ጅረት ላይ ግን የለቀቅኩትን በምን እመልሰዋለሁ?

ባሌስ? በዓለም ላይ እዚያ ብቻ ያሉ እንቁራሪቶች አሉ። ዲንሾ በነበርኩ ጊዜ ስለነሱ አንድ ጥያቄ እንኳን አልጠየቅኩም። ያን ቀን ትራውቱ ክሩን ሲጎትተው እጄ መንቀጥቀጡን አሁንም ሳስበው ደስ ይለኛል፣ ዋሽቼ አልነግራችሁም። በጣም ነው ደስ የሚለኝ። ሁለቱን እንዴት አንድ ላይ እንደምይዛቸው ነው...

ሐሳቡን ትቼዋለሁ ልበላችሁ? ትቼዋለሁ መሰለኝ። ጓደኛዬ ግን ትናንት ደውሎ «ላስቲኩ ተገኝቷል» ሲለኝ «ተወው» አላልኩትም። «እደውልልሃለሁ» ነው ያልኩት።

የማጥመጃ ዘንጉ በሩ ጀርባ ቆሟል። ቅዳሜ እዚያች ጅረት ልሂድ እያልኩ ነው፣ ያለ ዘንግ ምናልባት። እሳቸው በዚያ ሰዓት ይቀዱ ይሆናል። ጀሪካኑን ሳሸክማቸው ከአፉ ውሃ ፈሶ ጀርባቸውን አራሰው፣ 12 ዲግሪ ውሃ፣ እኔ ስደነግጥ እሳቸው ምንም አላሉም። ስንት ዓመት ከዚያ እንደቀዱ እንኳን ሳልጠይቃቸው...