የአማርኛ ጸሐፊ ትንሿ ጣትና ለሁለት የተከፈለው ኪቦርድ

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተደረደሩ ኪቦርዶች። በመስኮቱ የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች ይታያሉ።]

ሰላም! ቀኑን ሙሉ አማርኛ ስትጽፉ የምትውሉ ከሆነ ይህ ቪዲዮ ለእናንተ ነው።

ከስብስቤ ትልቁ ይሄ ነው፤ አይቢኤም ሞዴል ኤም። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣ ሞዴል ነው፤ ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል። እስቲ ስሙት።

[ድምፅ፦ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ]

ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ሞላ አለ። ስትጫኑት ድንገት ይታጠፍና ጠቅ ይላል። በጣም ነው የምወደው። ግን የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ስስ ስለሆነ ማታ አልነካውም።

እነዚህኞቹ ቼሪ ስዊች ያላቸው ናቸው፤ ስዊች ማለት ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ያለው ማብሪያ ነው፣ ዓይነቱ በቀለሙ ይለያል። ሰማያዊው ይጮኻል፣ ቀዩ ዝም ብሎ ይወርዳል። ቀዩን 2 ሚሊ ሜትር ያህል ከተጫናችሁት ፊደሉ ይገባል፤ እስከ ታች መደብደብ አያስፈልግም። ቁልፎቹ ስለሚነቀሉ የሰፈራችንን አቧራ በብሩሽ ማውጣት ይቻላል።

እጅን የሚያሳርፈው ግን ቅርጹ ነው። ረድፎቹ የተዛነፉት የታይፕራይተር ዘንጎች እርስ በርስ እንዳይጋጩ ተብሎ ነበር። ዘንጉ ከቀረ ቆየ፤ መዛነፉ ግን አለ። በዚያ ላይ ሁለቱን እጆች አንድ ቦታ ስናጠጋጋ የእጅ አንጓችን ወደ ትንሿ ጣት ይጣመማል።

አሁን «ጣፋጭ ምሳ» ብላችሁ ጻፉ።

[ምስል፦ የግራ እጅ በቅርበት]

እኔ በምጠቀምበት አጻጻፍ «ጣ»፣ «ፋ» እና «ሳ» ሦስቱም የላቲኗን ኤ ይፈልጋሉ። እሷ ያለችው የግራ ትንሿ ጣት ሥር ነው። «ጣ» እና «ጭ» ደግሞ ሺፍት ይፈልጋሉ፤ ብዙዎቻችን እሱንም የምንጫነው በዚያችው ጣት ነው። በሁለት ቃል 5 ጊዜ! አማርኛ ራብዕ የሚበዛበት ቋንቋ ስለሆነ ደካማዋ ጣት ትልቁን ሥራ ትሸከማለች።

ለሁለት የተከፈለው ኪቦርድ የሚያግዘው እዚህ ላይ ነው። ግማሾቹን በትከሻችሁ ስፋት ታራርቋቸዋላችሁ፤ አንጓው ቀጥ ይላል። አውራ ጣት ሥር ብዙ ቁልፎች ስላሉ ሺፍትን ወደዚያ አዛውሬዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ታገሱት።

እንዲህ ያለው ኪቦርድ እዚህ በቀላሉ አይገኝም። እስከዚያው የኪቦርዳችሁን የኋላ እግሮች እጠፏቸው፤ አንጓችሁ ወደ ላይ አይቀለበስም። ዊንዶውስ ላይ ሺፍትን 5 ጊዜ ደጋግማችሁ ተጫኑና ለሚመጣው ጥያቄ እሺ በሉ። ከዚያ ሺፍትን ነክቶ መልቀቅ ይበቃል፤ ቀጥላችሁ የምትጫኗት ፊደል ትልቋ ትሆናለች። እጃችሁ የሚደነዝዝ ከሆነ ግን ኪቦርድ ከመቀየራችሁ በፊት ሐኪም ጋ ሂዱ።