ሁለት የአዋቂ እርምጃ፦ የወረርሽኝ ክልከላ በካፌ፣ በአዳራሽና በቦሌ እንዴት ይሠራ ነበር?

(ምስል፦ ባዶ ካፌ ከላይ ሲታይ፤ ወለሉ ላይ የሜትር መስመሮች)

አንድ ካፌ እንውሰድ። ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ስፋቱ 6 ሜትር ነው። በደህናው ጊዜ 10 ጠረጴዛ ይደረደርበታል፤ 40 ሰው ያስተናግዳል። ከዚያ ኮሮና ገባና ደንብ ወጣ። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ከሦስት ሰው በላይ አይቀመጥ፤ በጠረጴዛና በጠረጴዛ መካከልም ሁለት የአዋቂ እርምጃ ይኑር ተባለ። ሁለት የአዋቂ እርምጃ ሁለት ሜትር ገደማ ነው። ታዲያ ይህ ቤት አሁን ስንት ሰው ይይዛል?

መልሱ ሜትሩን ከየት እንደምትጀምሩት ይለያያል። የጠረጴዛው ጎን 80 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ከጠረጴዛ ጠርዝ እስከ ጠረጴዛ ጠርዝ ሁለት ሜትር ከለካችሁ፣ በርዝመቱ ሦስት፣ በስፋቱ ሁለት፣ በድምሩ ስድስት ጠረጴዛ ይገባል። 18 ሰው ማለት ነው። ግን ሰው ጠረጴዛው ላይ አይቀመጥም፤ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው። ሰው ሲቀመጥበት ወንበሩ ከጠርዙ ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይወጣል። ከወዲህም ግማሽ፣ ከወዲያም ግማሽ። ሁለት ሜትር ያላችሁት ርቀት በጀርባና በጀርባ መካከል አንድ ሜትር ብቻ ሆኖ ይቀራል።

(ስክሪን ላይ፦ 0.8 + 0.5 + 0.5 = 1.8 ሜትር)

ስለዚህ ትክክለኛው አለካክ ጠረጴዛውን ሰው ከተቀመጠባቸው ወንበሮች ጋር አንድ አድርጎ ማየት ነው። አንዱ ስብስብ 1.8 ሜትር ይይዛል፤ ከዚያ 2 ሜትር ክፍት ቦታ፤ ከዚያ ሌላ 1.8። በ8 ሜትሩም ሆነ በ6 ሜትሩ የሚገባው ሁለት ሁለት ብቻ ነው። አራት ጠረጴዛ፣ 12 ሰው። ከ40 ወደ 12።

ባለቤቱ ቁጥሩን ሲሰማ ፊቱ ቢጠቁር አይፈረድበትም። ብዙ ቤት ደንቡን ወረቀት ላይ አክብሮ ወንበሩ ላይ የሚጥሰውም እዚህ ጋ ነው። መፍትሔው ወለሉ ላይ በቴፕ ምልክት ማድረግና ትርፍ ወንበሮቹን ከቤት ማውጣት ነው። ግድግዳ ጥግ የተደረደረ ወንበር ካለ አራተኛው ጓደኛ ሲመጣ ስቦ ይቀመጣል፤ አስተናጋጇ ደግሞ «ተነስ» ለማለት ታፍራለች።

የዚህ ቪዲዮ ዋና ነጥብ ይኸው ነው። የወረርሽኝ ክልከላ የሚሠራው በር ላይ ቆሞ የሚቆጥረው ሰው ሲኖር ነው። ቆጣሪ የሌለው ክልከላ በይሉኝታና በጉርብትና መካከል ይቀልጣል።

(ምስል፦ የቀን መስመር)

ጊዜውን እናስታውስ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው፤ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነበር። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከመጋቢት 14 ጀምሮ በቦሌ የሚገባ መንገደኛ በተመረጡ ሆቴሎች በራሱ ወጪ 14 ቀን ለይቶ ማቆያ እንዲቆይ ተደረገ። መጋቢት 30 የአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰባሰብ ተከለከለ፣ አከራይ ተከራይን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር፣ አሠሪም ሠራተኛ እንዳይቀንስ ታገደ። አዋጁ በጳጉሜ ሲያበቃ ቦታውን የያዘው መስከረም 25 ቀን 2013 የወጣው መመሪያ ቁጥር 30 ነው። መጨባበጥ ክልክል፣ ከቤት ውጭ ማስክ ግዴታ፤ ከማስኩ ነፃ የሆኑት ከስድስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትና የመተንፈስ ችግር ያለባቸው ብቻ ነበሩ።

አዳራሽ ላይ ስሌቱ ይቀላል። ስብሰባ የአዳራሹን አንድ አራተኛ ብቻ እንዲይዝ፣ ከ50 ሰው በላይ ከሆነ ደግሞ ፈቃድ እንዲጠየቅ ነበር የተደነገገው። 200 ሰው የሚይዝ አዳራሽ 50 ሰው ያስተናግዳል። 120 የሚይዝ 30። ሠርግ የሚያከራዩ አዳራሾች የሚሳሳቱት የተጋባዡን ቁጥር ብቻ ይዘው አስተናጋጁን፣ ካሜራ ማኑን፣ ባንዱንና ወጥ ቤቱን ሲረሱ ነው። የሚተነፍስ ሁሉ ይቆጠራል። መግቢያና መውጫ በር ካልተለየም ቆጠራው ከአንድ ሰዓት በኋላ ትርጉም የለውም።

አሁን ከደንቡ ወጣ ብለን ሳይንሱን እንይ፤ ሁለት ሜትር ብቻውን በቂ አልነበረምና።

(ምስል፦ ሦስት ጠረጴዛዎችና ከግድግዳ የሚነፍስ አየር ማቀዝቀዣ፣ በቀስት)

እ.ኤ.አ. ጥር 24 ቀን 2020፣ ቻይና ጓንግዡ ከተማ፣ የምሳ ሰዓት። ሦስት ቤተሰብ ጎን ለጎን ባሉ ሦስት ጠረጴዛዎች ተቀምጧል። አንዱ ቫይረሱን ይዟል፤ እስካሁን ግን አልታወቀም። ከጊዜ በኋላ ከሦስቱ ቤተሰብ በድምሩ 10 ሰው ታመመ። በዚያው ፎቅ የነበሩ ሌሎች ተመጋቢዎችም ሆኑ አስተናጋጆች ግን አልተያዙም። ልዩነቱን የፈጠረው አየር ማቀዝቀዣው ነው። ሦስቱን ጠረጴዛ የሚነፍሰው አንድ መሣሪያ ያንኑ አየር እያዞረ ይመልሰው ነበር፤ ከውጭ የሚገባ አየር አልነበረም።

ስለዚህ መስኮት ከርቀት እኩል፣ አንዳንዴም በላይ ይቆጠራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለቢሮና ለመሰል ቦታዎች ያስቀመጠው መለኪያ ለአንድ ሰው በሴኮንድ 10 ሊትር ንጹሕ አየር ነው። ይህን በዓይን ማየት አይቻልም፤ በካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ግን መገመት ይቻላል። የውጭ አየር 420 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 420 እጅ) ገደማ ያሳያል። ቤት ውስጥ ሰው ሞልቶ ከ800 በታች ከሆነ ደህና ነው። 1500 ካለፈ የሌላውን ሰው ትንፋሽ እየሳባችሁ ነው። መለኪያ ከሌለ በተቃራኒ ግድግዳ ያሉ ሁለት መስኮቶችን ክፈቱ። አንድ ወገን ብቻ ሲከፈት አየሩ በደንብ አይንሸራሸርም። «ብርድ መታኝ» የሚል ደንበኛ እንደሚኖር የታወቀ ነው፤ እሱን ከመስኮቱ አርቆ ማስቀመጥ መስኮቱን ከመዝጋት ይሻላል።

በአንጻሩ ብዙ ገንዘብና ጉልበት የፈሰሰው ወለልና እጀታ በመወልወል ላይ ነበር። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2021 ባወጣው ግምገማ፣ የተበከለ ነገር በመንካት የመያዝ ዕድል በአብዛኛው ከ10,000 ንክኪ ከአንድ በታች ነው። ሰው ላይ ኬሚካል የሚረጩት የመግቢያ ዋሻዎችማ ለዓይንና ለሳንባ ጎጂ ናቸው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ገና እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 አትጠቀሙባቸው ብሎ ነበር።

ቢሆንም ማጽዳት ካለባችሁ በትክክል ይሁን። 5 በመቶ ክሎሪን ያለው በረኪና ከያዛችሁ፣ ለተራ ጠረጴዛና እጀታ አንድ እጅ በረኪና በ49 እጅ ውኃ፤ ይህ 0.1 በመቶ ይሰጣል። ደም ወይም ትውከት ላለበት ቦታ አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውኃ፤ ይህ 0.5 በመቶ ነው። መጀመሪያ በሳሙና ታጥቦ ይለቅለቅ፣ ከዚያ በረኪናው ይቀባ፤ ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ ክሎሪን ኃይሉን ቆሻሻው ላይ ይጨርሳል። የትናንቱን ቅልቅል ዛሬ አትጠቀሙ። ከአሲድ ጋር ፈጽሞ አይደባለቅ፤ የሚወጣው ጋዝ ይገድላል።

ሳኒታይዘር ራሳቸው ለሚያዘጋጁ ተቋማት የዓለም ጤና ድርጅት የ10 ሊትር ቀመር እነሆ።

(ስክሪን ላይ፦ 96 በመቶ ኢታኖል 8,333 ሚሊ ሊትር፤ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ 417 ሚሊ ሊትር፤ 98 በመቶ ግሊሰሪን 145 ሚሊ ሊትር፤ እስከ 10 ሊትር ድረስ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ)

ተደባልቆ 72 ሰዓት ይቀመጣል፤ ጀሪካኑ ውስጥ የነበረ ተህዋስ ካለ ፐሮክሳይዱ እንዲጨርሰው ነው። ሳኒታይዘሩ ቶሎ እንዳያልቅ ብሎ ውኃ ማብዛት የተለመደ ስህተት ነው። አልኮሉ ከ60 በመቶ ከወረደ እጅ ከማርጠብ ያለፈ ጥቅሙ ትንሽ ነው።

የበር ላይ ሙቀት መለኪያስ? ግንባር ላይ የሚደገነው መሣሪያ የሚለካው የቆዳውን ሙቀት ነው። ከፀሐይ የገባ ሰው ትኩሳት ያለበት ይመስላል፤ ፊቱን ታጥቦ የመጣ ደግሞ ትኩሳት ቢኖርበትም ሊያልፍ ይችላል። ትልቁ ችግር ግን ይህ አይደለም። ኮቪድ የያዘው ሰው ትኩሳት ከመጀመሩ ሁለት ቀን በፊትም ያስተላልፋል፤ ጭራሽ ትኩሳት የማይሰማውም ሞልቷል። መሣሪያው በር ላይ ሰው እንዲቆም ስላደረገ ማስክ ለማየት አመቺ ሆነ፤ ጥቅሙ ከዚያ ብዙም አያልፍም።

ታክሲ ላይ አጭር ነገር ልበል። 12 ሰው የሚጭነው ሚኒባስ 6 እንዲጭን፣ ታሪፉም እጥፍ እንዲሆን ተደረገ። ሐሳቡ ባለታክሲውም እንዳይከስር ነው። ነገር ግን እጥፍ ታሪፍ እየተቀበሉ አንድ ትርፍ ሰው መጫን ከድሮው ይልቅ አጓጊ ሆነ። የሚቆጥረው ትራፊክ ፖሊስ ያለው አደባባይ ላይ እንጂ በየፌርማታው አይደለም።

አሁን ወደ ቦሌ። እዚህ ቆጣሪ አለ፤ ወረቀት የሌለው አይሳፈርም። ስለዚህ ክልከላው ጠበቀ፤ ስህተቱም ወደ ስሌት ዞረ።

(ስክሪን ላይ፦ 120 ሰዓት)

ወደ ኢትዮጵያ የሚገባ፣ ዕድሜው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ መንገደኛ በ120 ሰዓት ውስጥ የተደረገ የፒሲአር (በላቦራቶሪ የሚሠራ የኮሮና ምርመራ) ውጤት እንዲይዝ ይጠየቅ ነበር። 120 ሰዓት አምስት ቀን ነው፤ ግን እስከ መቼ? እስከ መድረሻ እንጂ እስከ መሳፈሪያ አይደለም። ከዋሽንግተን ሰኞ የሚነሳ ሰው ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ቦሌ ይገባል እንበል። ከዚያ አምስት ቀን ወደ ኋላ ሲቆጠር ሐሙስ ጠዋት 2 ሰዓት በአዲስ አበባ አቆጣጠር ነው። በክረምታቸው ወራት የሰዓት ልዩነቱ 8 ስለሆነ፣ ዋሽንግተን ላይ ልክ ረቡዕ አልቆ ሐሙስ የሚገባበት እኩለ ሌሊት ማለት ነው። መንገደኛው ግን ከሰኞ ጀምሮ አምስት ቀን ወደ ኋላ ይቆጥርና ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ይመረመራል። ሲደርስ ወረቀቱ 132 ሰዓት ሆኖታል። መነሻው ደግሞ ናሙናው የተሰጠበት ሰዓት ነው፤ ውጤቱ በኢሜይል የደረሰበትን ይዞ መቁጠር አደገኛ ነው።

ወደ አሜሪካ የሚሄደው ሌላ ሒሳብ ነበረው። እ.ኤ.አ. ከጥር 26 ቀን 2021 ጀምሮ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ተጓዥ ከበረራው በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ መመርመር ነበረበት። 72 ሰዓት ሳይሆን ሦስት ቀን፤ ሆን ተብሎ ነው። በረራው ዓርብ ማታ ከሆነ ማክሰኞ በማንኛውም ሰዓት የተሰጠ ናሙና ይሠራል፤ በረራው ቢዘገይ ሰዓት እያሰሉ መጨነቅ ቀረ። ፈጣኑ የአንቲጅን ምርመራም ይበቃ ነበር። በታኅሣሥ 6 ቀን 2021 ወደ አንድ ቀን ጠበበ፤ ሰኔ 12 ቀን 2022 ተነሳ።

የእኛ ሰው ወረቀት የሚወድቅባቸው ሁለት ልዩ ምክንያቶች ነበሩ። አንደኛው ስም ነው። በፓስፖርታችን የአያት ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ይገባል፤ የራስና የአባት ስም አብረው ይጻፋሉ። ላቦራቶሪው ግን የሚጽፈው በተለመደው መንገድ የራስና የአባት ስም ብቻ ነው። መሳፈሪያው ላይ ወረቀት የሚያየው ሠራተኛ ፓስፖርቱንና ውጤቱን ሲያስተያይ የአያትን ስም ያጣል። መድኃኒቱ ናሙና ሲሰጡ ፓስፖርቱን አቅርቦ ሦስቱንም ስም እንደ ፓስፖርቱ አጻጻፍ፣ ፊደል በፊደል ማስመዝገብ ነው፤ የፓስፖርት ቁጥሩንም ጨምሮ።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ናሙና የሰጠ ሰው ወረቀቱ ላይ 3፡00 ከተጻፈለት፣ የውጭ አገር ሠራተኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አድርጎ ያነበዋል። ስድስት ሰዓት ከንቱ ቀረ ማለት ነው፤ በ48 ሰዓት ገደብ ለሚጓዝ ይህ ብዙ ነው። ቀኑም በእኛ አቆጣጠር ከተጻፈ ሰባት ዓመት ያረጀ ይመስላል። ወደ ዱባይ የሚሄዱት ደግሞ በስልክ ሲቃኝ ዋናውን ውጤት የሚያሳይ የኪው አር ኮድ ያስፈልጋቸው ነበር፤ ፎቶ ኮፒው ደብዝዞ ኮዱ እንቢ ያለባቸው አልጠፉም።

የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ኮቪድ ዓለም አቀፍ የጤና ድንገተኛ ሁኔታ መሆኑ አብቅቷል አለ። ደንቡ ተነሣ፣ ቴፑም ከወለሉ ተፋቀ። ቀጣዩ በሽታ ግን የግድ ኮቪድን አይመስልም። በኅዳር 2018 ጂንካ ላይ ማርበርግ የተባለው ገዳይ የቫይረስ በሽታ መገኘቱ ሲረጋገጥ፣ ከላይ ያየነው ሁሉ ተገልብጧል። ማርበርግ የሚተላለፈው ከታማሚ ሰው የሰውነት ፈሳሽ ጋር በሚደረግ ንክኪ ነው። ስለዚህ ከመስኮቱ በፊት አንድ ለዘጠኙ በረኪና፣ ጓንትና የአስከሬን አያያዝ ይቀድማሉ። ምልክት ሳይጀምረው የሚያስተላልፍ ሰው ስለሌለም ያ የናቅነው ሙቀት መለኪያ ሥራ ያገኛል፤ ንክኪ የነበረው ሰው እስከ 21 ቀን በየዕለቱ ይለካል፣ ከፍ ካለ በዚያው ሰዓት ይለያል።