«እኔ ወድጄዋለሁ» የምትል ካርድ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ እኔና እናንተ ብቻ ነን። የማወራችሁ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ራሳቸው አንብበው ስለሚጠቁሟቸው መጻሕፍት ነው።

አይታችሁ ይሆናል። በአንዳንድ ቤተ መጻሕፍት ለብቻው የቆመ መደርደሪያ አለ። ከየመጽሐፉ ሥር በእጅ የተጻፈች ትንሽ ካርድ ተለጥፋለች፤ ግርጌዋ ላይ የሠራተኛው ስም አለ። በቅርቡ ያነበብኳት አንዷ እንዲህ ትላለች፦ «አጀማመሩ ይንዛዛል። አያትየዋ ከመጡ በኋላ ግን ከእጄ ማስቀመጥ አቃተኝ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ለጊዜው ቢያቆየው ይሻላል።»

በቃ፣ ይቺው ናት። እኔን ግን ከኋላ ሽፋን ላይ ከሚታተመው ሙገሳ ሁሉ በላይ አሳመነችኝ። ድክመቱን አልደበቀችም። ለማን እንደማይሆን ጭምር ነግራኛለች። ደግሞ የጻፈው ሰው መጽሐፉን ብወስደውም ባልወስደውም የሚያገኘው ጥቅም የለም።

ሕንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 ያወጣቸው አምስት ሕጎች አሉ። ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ አንባቢ መጽሐፉን ያግኝ ይላል። ሦስተኛው ገልበጥ ያደርገውና፣ እያንዳንዱ መጽሐፍም አንባቢውን ያግኝ ይላል። እኔ ይሄን ሦስተኛውን በጣም እወደዋለሁ። መጽሐፍ ራሱ ተነስቶ ሰው አይፈልግም። አንድ ሰው ሊያገናኘው ይገባል።

ካታሎጉስ፣ የመጻሕፍቱ ዝርዝር ማለቴ ነው፣ አያገናኝም ወይ? ያገናኛል፣ የምትፈልጉትን ካወቃችሁ። የዲዊ አመዳደብ የሚባለው፣ መጻሕፍትን በየርዕሳቸው በቁጥር የሚለየው ዘዴ፣ እ.ኤ.አ. ከ1876 ጀምሮ ዕውቀትን በ10 ዋና ዋና ክፍሎች እያስቀመጠ ቆይቷል። ስለ ንብ ማነብ ማንበብ ካሰኛችሁ ቁጥር 638 ጋ ትሄዳላችሁ። እዚያ ከተደረደሩት ውስጥ የትኛው ለጀማሪ እንደሚሆን፣ የትኛው ደግሞ ንብ የማርባት ሐሳብ የሌለውን ሰው እንኳ እንደሚይዝ ግን ቁጥሩ አይነግራችሁም። ያንን የሚነግራችሁ ያነበበው ሰው ነው።

በቃል የሚሰጠው ጥቆማ ደግሞ ከካርዱም ይበልጣል፣ ምክንያቱም በጥያቄ ይጀምራል። ጎበዝ ሠራተኛ «ምን ዓይነት መጽሐፍ ትወዳለህ?» ብሎ አያፋጥጣችሁም። እሱ ጥያቄ አብዛኛውን ሰው ዝም ያሰኛል። «እስቲ በቅርብ የወደድከውን አንድ መጽሐፍ አውራልኝ» ይላል። ከዚያ ያዳምጣል። አሜሪካዊቷ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ናንሲ ፐርል ወደ መጽሐፍ የምንገባባቸው አራት በሮች አሉ ትላለች፤ ታሪኩ፣ ገጸ ባሕርያቱ፣ ቦታውና ቋንቋው። እውነት ነው። አንዱ «መጨረሻው ምን እንደሚሆን ለማየት ሳልተኛ አደርኩ» ብሎ ይጀምራል። ሌላዋ «አንዲት ሴትዮ አለች፣ እስካሁን ትናፍቀኛለች» ትላለች። ሁለቱም ያወሩት ስለ አንድ መጽሐፍ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ሊሰጣቸው የሚገባው መጽሐፍ ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። እኔ ይሄን ሥራ ትልቅ ሙያ ነው የምለው ለዚህ ነው።

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የግል ምርጫውን ማሳየት የለበትም የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ይገባኛል፤ ቤተ መጻሕፍት የሁሉም ነው። ግን ካርዱ ላይ ስም አለ። አንባቢው የአንድ ሰው ጣዕም መሆኑን አውቆ ነው የሚወስደው። ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ መደርደሪያውን አንድ ሰው ብቻ ሲሞላው ነው። ልብ ወለድ የማይወደውም ይጻፍ። ዘበኛውም ይጻፍ፣ የጽዳት ሠራተኛዋም ትጻፍ፣ ጓዳ ሆኖ መጽሐፍ የሚመዘግበውም ይጻፍ። ሠራተኞችን አደራ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ስለራሳችሁ ንባብ ጻፉ፤ ማን ምን እንደተዋሰ ግን ምስጢር ነው፣ ለጥቆማ ተብሎም አይወጣም።

ሌላም ነገር አለ። ብዙ ቤተ መጻሕፍት ቦታ ሲጠባቸው ለዓመታት ማንም ያልተዋሰውን መጽሐፍ ያስወግዳሉ። ግድ ነው፤ መደርደሪያ አይለጠጥም። ታዲያ አንድ ሠራተኛ ከታችኛው ረድፍ የተረሳ መጽሐፍ አውጥቶ ካርድ ቢያስቀምጥለት፣ ሁለት ሦስት ሰው ቢወስደው፣ ያ መጽሐፍ ከመወገድ ሊተርፍ ይችላል። ሁሉም ሰው የሚያወራለት መጽሐፍ የኛ ጥቆማ አያስፈልገውም። ጥቆማችንን ለእነዚያ ለተረሱት ብናደርገው ደስ ይለኛል።

እናንተ አንባቢዎች ደግሞ አታፍሩ፣ ሠራተኛውን ጠይቁ። «አንተ ራስህ የወደድከው የቱን ነው?» በሉ። መጽሐፉን ስትመልሱም ቆም በሉና ንገሩት። ካልወደዳችሁት በተለይ ንገሩት፤ የቱ ጋ እንደሰለቻችሁ፣ የትኛው ሰውዬ እንዳናደዳችሁ። ቀጣዩን የሚመርጥላችሁ በዚያ ላይ ተመሥርቶ ነው።

ለዛሬ ይሄው ነው። ሳምንት ያገናኘን፣ ደህና ሁኑ።