ከንፈር መለዋወጫ የለውም

ክቡራን መምህራን፣ የተማሪዎቻችን አባቶችና እናቶች፣ ከየባንዱ የመጣችሁ የቀድሞ ባልደረቦቼ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መሣሪያችሁን ታቅፋችሁ ከፊት የተቀመጣችሁ ልጆች፤ እንደምን ዋላችሁ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «የነሐስ ሙዚቃ በኢትዮጵያ» የሚል ነው። ታሪኩን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለው አብዛኛው ሰው ያውቀዋል። ከዓድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ የመጡት የነሐስ መሣሪያዎች አሉ፤ ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ አርመናውያን ወጣቶችና መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን አሉ፤ ከዚያ የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ባንዶች ተከተሉ። ጸጉራችን የሸበተው ሁሉ ያደግነው በእነዚያ ባንዶች ወይም እነሱ ባሠለጠኗቸው ሰዎች እጅ ነው። ስለ ታሪኩ ይህ ይበቃል፤ የተሰጠኝን ጊዜ ለሌላ ጉዳይ፣ ትራምፔት ለሚማሩ ልጆች ከንፈር እፈልገዋለሁ።

ትራምፔት የሚማር ልጅ ሁሉ አንድ ቀን መጥቶ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አለ። «ጋሼ፣ ላይኛውን ዶ እንዴት ላውጣው?» ይለኛል። ከአምስቱ የኖታ መስመሮች በላይ ሁለት ትርፍ መስመር ተሰምሮለት የሚጻፈውን ዶ ማለቱ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔን የሚያስቆጣኝ ልጁ ወደ እኔ ከመምጣቱ በፊት ከሌሎች የተሰጠው መልስ ነው። «ግፋው! አጥብቀህ ያዘው! ከንፈርህ ይጠንክር!» ተብሎ ነው የሚመጣው። ይህንን መልስ እኛም በልጅነታችን ሰምተነዋል፤ ዛሬም በየልምምድ ክፍሉ ይሰማል።

በመጀመሪያ ምን እየሆነ እንደሆነ እንወቅ። በሲ ቤሞል ትራምፔት መካከለኛውን ዶ ስትነፉ ከንፈራችሁ በሰከንድ 466 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። አንድ ኦክታቭ (ስምንት ድምፅ) ወደ ላይ፣ ወደ ላይኛው ዶ ለመውጣት 932 ጊዜ ገደማ መርገብገብ አለበት። ሁለቱም የሚነፉት ቫልቭ (በጣት የሚጫነው ቁልፍ) ሳይነካ ነው፤ የቱቦው ርዝመትም ያው ነው። የሚለወጠው በሰውነታችሁ ውስጥ ያለው ብቻ ነው፤ የከንፈራችሁ መክፈቻ ይጠባል፣ ምላሳችሁ ከፍ ይላል፣ ትንፋሻችሁ በጠባቧ ቀዳዳ በጥንካሬ ያልፋል። እንግዲህ ማውዝፒሱን (ከንፈር የሚያርፍበትን የመሣሪያውን አፍ) ጥርስ ላይ መጫን በዚህ ሁሉ ውስጥ ምን ይሠራል? ከንፈሩን ጨፍልቆ ለጊዜው ያጠበዋል፤ ድምፁም ለጊዜው ይወጣል። ነገር ግን የተጨፈለቀ ከንፈር ደም በደንብ አይዘዋወርበትም፤ ደም የማያገኝ ጡንቻ ደግሞ ቶሎ ይደክማል። ለዚህ ነው የሚገፋ ልጅ አንዴ አውጥቶት ሁለተኛው ላይ የሚጠፋበት።

ወጣት ሳለሁ በነበርኩበት ባንድ (ስሙን አልጠራም፤ የምታውቁ ታውቁታላችሁ) ከእኔ ጋር የተቀጠረ አንድ ልጅ ነበር። ከወሎ የመጣ፣ ቁመተ አጭር፣ ቁጥብ ልጅ ነው። ሶሎ ሲሰጠው ከበሮ መቺው ሳይቀር ዘንጉን ጭኑ ላይ አሳርፎ ይሰማው ነበር። ከመካከለኛው ዶ እስከ ላይኛው ላ ድረስ እንዲህ ያለ ንጹሕ ድምፅ ከዚያ በኋላ አልሰማሁም። አንድ የበዓል ሰልፍ ሲደርስ አለቃችን የሌላ ባንድ ትራምፔተኛ ከእኛ በላይ እንደሚወጣ ሰማ። በማግስቱ ማርሹን በአንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ አድርጎ አስጻፈው። የመጨረሻው ክፍል ላይኛው ዶ ላይ ወጥቶ ይቆማል፤ እሱም ሁለት ጊዜ ይደገማል።

ልምምዱ ጠዋት ክፍል ውስጥ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ ቆመን በእግር ሰልፍ፤ ማታ እንደገና ክፍል ውስጥ። ስናርፍ እንኳ የምናርፈው አለቃው ክላሪኔቶቹን ሲቆጣ ብቻ ነበር። የልጁ ከንፈር ላይ የማውዝፒሱ ቀለበት ምልክት ወጣ። መጀመሪያ ቀይ ነበር፤ ቀጥሎ ጠርዙ ነጣ፤ ከዚያ የላይኛው ከንፈር ውስጡ ከጥርሱ ጋር በሚገናኝበት ተሰነጠቀ። ማታ ማታ ጨው በተጨመረበት ለብ ያለ ውሃ ሲጉመጠመጥ አየዋለሁ። ለአለቃችን ሄደን ነገርነው። የመለሰልንን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ወንድ ልጅ ከንፈሬን አመመኝ ይላል እንዴ?» አለን።

የበዓሉ ቀን ልጁ ያንን ዶ አወጣው። የክብር ቦታ ላይ የተቀመጡት አጨበጨቡ፤ አለቃው ፈገግ አለ። ማርሹ ተመልሶ እዚያው ቦታ ሲደርስ ግን ከትራምፔቱ አፍ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር። አጠገቡ ስለነበርኩ ሰማሁት፤ ሸሚዙ አንገትጌ ላይ የደም ጠብታ ነበር። ቁስሉ በጊዜ ብዛት ዳነ፤ ከንፈሩ ግን ከመካከለኛው ሶል በላይ አልወጣም። ትልቁን ከበሮ አሸከሙት፤ ጥቂት ቆይቶ ባንዱን ለቀቀ። ያ አለቃ ስለ እሱ አንድም ቀን ተጠይቆ አያውቅም።

አሜሪካዊውን የጃዝ ትራምፔተኛ ሉዊስ አርምስትሮንግን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ላይኛውን ዶ ደጋግሞ በመንፋት ዓለምን ያስደነቀ ሰው ነው፤ ከንፈሩ ግን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መሣሪያውን ለጊዜው እስኪያስቀምጥ ድረስ ተጎዳ። እ.ኤ.አ. በ1982 በሕክምና መጽሔት ላይ ስለ ትራምፔት ነፊዎች የከንፈር ጡንቻ መበጠስ ሲጻፍ ጉዳቱ በእሱ ቅጽል ስም «ሳችሞ» ተብሎ ተሰየመ። የዓለም ቁንጮ የነበረ ሰው ከንፈር ካልቻለው የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ከንፈር በምን ዕዳው ይችለዋል?

እዚህ ላይ በግልጽ ልናገር። ለጀማሪ ልጆች ሙዚቃ አሬንጅ ስታደርጉ (ለባንድ ስታቀናብሩ) የመጀመሪያውን ትራምፔት እላይኛው ዶ ላይ ሰቅላችሁ፣ አንድ ባር (የኖታ ክፍልፋይ) እንኳ እረፍት ሳትሰጡ የምትጽፉ ሰዎች፣ ይህን የምታደርጉት ለሙዚቃው አይደለም። የእናንተ ጽሑፍ እንዲያበራ የልጅ ከንፈር እየከፈላችሁ ነው! በፈተና ቀን የልጁን ድምፅ ጥራት፣ ኢንቶኔሽኑን (የድምፁን መቃኘት)፣ ምቱን ትታችሁ «ስንት ወጣ?» ብላችሁ ነጥብ የምትሰጡ መምህራን፣ ልጆቹን እንዲገፉ የምታስተምሯቸው እናንተ ናችሁ! ሯጮቻችንን አሠልጣኝ በየቀኑ በውድድር ፍጥነት አያስሮጣቸውም፤ የሚያርፉበት ቀን አላቸው። ለትራምፔት ተማሪ ይህን የከለከለው ማን ነው? የተሰበረ ቫልቭ ስፕሪንግ እንኳ ይቀየራል። ከንፈር መለዋወጫ የለውም!

ልጆች፣ ወደ እናንተ ልመለስ። ላይኛው ድምፅ ይመጣል። የሚመጣው ግን ከታች ነው፤ በለሆሳስም ነው። በአሜሪካዊው አቀናባሪ ጆን ፊሊፕ ሱዛ ይመራ የነበረው ባንድ ሶሎይስት የነበረው አሜሪካዊው የኮርኔት (የትራምፔት መሰል መሣሪያ) ሊቅ ኸርበርት ክላርክ ተማሪዎቹን መልመጃውን እጅግ ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲነፉ ያስተምር ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በለሆሳስ ስትነፉ ገፍታችሁ ማምለጥ አትችሉም። ከንፈራችሁ ወይ በትክክል ይርገበገባል ወይ ዝም ይላል። ስለዚህ ሎንግ ኖት (አንድን ድምፅ አርዝሞ መያዝ) ከመካከለኛው ሶል ጀምራችሁ፣ ጎረቤት እስከማይሰማው ድረስ ቀንሳችሁ ያዙት። ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ ከጀመረና ከጨረሰ ግማሽ ድምፅ ውጡ። ካልሆነ እዚያው ቆዩ። ሳምንትም ይሁን ወር ቆዩበት።

መግፋታችሁን የምታውቁበት መንገድ ደግሞ ይኸውላችሁ። የቀኝ እጃችሁን ትንሿን ጣት ከመንጠቆው አውጡና ቱቦው ላይ እንዲሁ አሳርፏት። ያቺ መንጠቆ የኖታ ገጽ ለመግለጥና ሰርዲን (የድምፅ ማፈኛ) ለመቀየር ትጠቅማለች እንጂ ለመሳብ አልተሠራችም። አብዛኛው ልጅ ወደ ላይ ሲወጣ ሳያውቀው በእሷ ነው መሣሪያውን ወደ ጥርሱ የሚስበው። ጣቷ ስትወጣ ላይኛው ድምፃችሁ ከጠፋ ያ ድምፅ የክንዳችሁ እንጂ የከንፈራችሁ አልነበረም ማለት ነው። አትዘኑ፤ ከዚያው ጀምሩ። የከንፈር ዳርና ዳሩ ይጥበቅ፤ መካከሉ ነጻ ይሁን።

ምላስንም አትርሱ። «ኣ» በሉ፤ አሁን «ኢ» በሉ። ምላሳችሁ የት እንደሄደ ተሰማችሁ? ቫልቭ ሳትነኩ ከዶ ወደ ሶል፣ ከሶል ወደ ላይኛው ዶ አቅጣጫ ስትንሸራተቱ ሥራውን የሚሠራው እሱ ነው። ደግሞ ከመንፋታችሁ በፊት ድምፁን በአፋችሁ አዚሙት። ታች ላይ ቫልቭ ሳይነካ ከታችኛው ዶ ቀጥሎ የሚገኘው ሶል ነው፤ ሰፊ ርቀት ነው። ወደ ላይ ስትወጡ ግን እነዚያ ድምፆች እየተጠጋጉ ይመጣሉ፤ ከላይኛው ዶ ቀጥሎ ሬ ተቀምጧል። ጆሮው ያልያዘውን ከንፈር አያገኘውም።

እረፍትን በተመለከተ አልደራደርም። የነፋችሁትን ያህል እረፉ። አራት ባር ከነፋችሁ አራት ባር መሣሪያውን ከአፋችሁ አውርዱ። ከንፈራችሁ ካበጠ ወይም ከደነዘዘ የዚያን ቀን አበቃ፤ ማንም ይዘዛችሁ ማንም። «መምህሬ ቀጥል አለኝ» ብላችሁ ብትመጡ መምህሩን ራሴ አነጋግረዋለሁ።

ስለ ማውዝፒስ ባጭሩ፤ 7ሲ (ለጀማሪ የተለመደው መጠን) ያላችሁ በ7ሲ ቀጥሉ። ጎድጓዳነቱ የሳሳ ማውዝፒስ ከውጭ አስልካችሁ ያመጣችሁ ልጆች አሉ፤ ድምፃችሁ ቀጠነ እንጂ የማታውቁት ኖታ አልተጨመረላችሁም። ወላጆች፣ በዚያ ገንዘብ ጥሩ የቫልቭ ዘይት ይገዛል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ረጅም ሐረግ ቶሎ ያደክማል። ትከሻን ሳያነሡ ከሆድ መተንፈስን ተለማመዱ። ላይኛው ድምፅ ብዛት ያለው አየር አይፈልግም፤ እስክትፈነዱ አትሙሉ።

የሚቀጥለው ዓመት የፈተና መመሪያ ገና እየተዘጋጀ መሆኑን ሰምቻለሁ። ለነሐስ ተማሪዎች በድምፅ ከፍታ ብቻ የሚሰጠው ነጥብ ይሰረዝ፤ በአንደኛና በሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች የሚነፉ ሥራዎች ከመድረክ በፊት የእረፍት ባራቸውና የድምፅ ወሰናቸው በመምህራን ይታይ። ይህንን በጽሑፍ አዘጋጅቼ ይዣለሁ፤ ፕሮግራሙ እንዳለቀ ለመምህራን ኮሚቴው አስረክባለሁ። የምትስማሙ መምህራንና ወላጆች ካላችሁ በር ላይ እጠብቃችኋለሁ፤ ፈርሙበት።

አመሰግናለሁ።