የመክፈቻ ንግግር፦ መመሥረቻ ጽሑፋችሁን አንብባችሁታል?

የተከበራችሁ የማህበራችን አባላት፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ። በዚህ ዝናብና በዚህ የትራፊክ መጨናነቅ ወንበሩ መሙላቱ ደስ ይላል።

ሂሳቡን ገንዘብ ያዣችን ታቀርበዋለች። እኔ የማነሳው አንድ ጉዳይ ነው። ዘንድሮ ቢሮአችን ለምክር ከመጡት አባላት በብዛት የሰማሁት ስለ ግብር ወይም ስለ ዶላር አይደለም። «ከሸሪኬ ጋር ተጣላን» የሚል ነው።

በእኔም ደርሷል። ወጣት ሳለሁ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ትንሽ ማተሚያ ቤት ከፈትን። ስሙን አልጠራም፤ ዛሬም በበዓል እንደዋወላለን። ገንዘቡ ከሁለታችን እቁብ ወጣ። ንግድ ፈቃዱ በእኔ ስም ሆነ፤ ወረፋ ለመያዝ ጊዜ የነበረኝ እኔ ስለሆንኩ ብቻ። ወረቀት አልተጻፈም። ጓደኛን ፈርም ማለት ነውር መስሎን ነበር።

በስድስተኛው ዓመት «ድርሻዬን ስጠኝና ልውጣ» አለኝ። ድርሻው ስንት ነው? ማሽኑ በተገዛበት ዋጋ ይታሰብ ወይስ በዚያን ቀን ገበያ? እኔ እዚያው እያደርኩ የሠራሁትስ? ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ አስታረቁን። ሂሳቡን ግን ከየት ያምጡት? ማሽኑ ተሸጠ፣ ገንዘቡን እኩል ተካፈልን፣ ሁለታችንም ተበደልን ብለን ተለያየን።

በኋላ ለአንድ ጠበቃ ሳጫውተው «የእናንተማ የእሽሙር ማህበር ሳይሆን አይቀርም» አለኝ። አሽሙር የተናገረኝ መስሎኝ ነበር! ለካ በንግድ ሕጉ ውስጥ ያለ ስም ነው። ያልተመዘገበ፣ ሌላው ሰው የማያውቀው፣ የራሱ ሕጋዊ ሰውነት የሌለው፣ ማለትም ሕጉ ከሸሪኮቹ ተለይቶ ራሱን እንደቻለ አካል የማያየው ሽርክና ማለት ነው። ዕዳ ቢኖርብን ኖሮ አበዳሪው የሚያንኳኳው የእኔን በር ነበር።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለነው አብዛኞቻችን አሁን ፒኤልሲ ነን፤ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር፣ ዕዳው ከድርጅቱ አልፎ ወደ ግል ንብረታችን የማይሻገር ማለት ነው። ተመዝግበናል ብለን ተኝተናል። ድርጅቱ የማን እንደሆነና እንዴት እንደሚመራ የሚጻፍበትን መመሥረቻ ጽሑፍ ያነበበስ? ግድ የለም፣ እጅ አታውጡ። የሌላ ሰው ድርጅት ጽሑፍ ላይ ስም ተቀይሮ የታተመ፣ ውልና ማስረጃ ሄደን የፈረምንበት ነው። ሁለት ሰዎች ሃምሳ ሃምሳ ብለው ይጽፋሉ። ፍቅር ነው። አንዱ እምቢ ሲል ግን ማን ይወስናል? ጽሑፉ ዝም ካለ የሚቀረው ፍርድ ቤት ነው። ከሸሪኮቹ አንዱ ቢሞት ከባለቤቱና ከልጆቹ ጋር እንዴት ትሠራላችሁ? ድርሻውን ትገዛላችሁ? በምን ዋጋ? ይህን ሰውዬው በሕይወት እያለ፣ ቡና እየጠጣችሁ መነጋገር ይቀላል። ከተዝካሩ ማግስት አፍ አይከፈትም።

ሕጉም ተለውጧል። በ1952 የወጣው የንግድ ሕግ ስለ ንግድ ማህበራት የያዘው ክፍል በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ተተክቷል። ድሮ ፒኤልሲ ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልግ ስለነበር ባለቤቱን ወይም ወንድሙን ለስም ያህል ያስገባ ስንቱ ነው። ያ «የስም» ወንድም በወረቀት ላይ እውነተኛ ባለድርሻ ነው፤ አንድ ቀን ትርፍ ቢጠይቅ አትገረሙ። አሁን ባለአንድ አባል ማህበር ተፈቅዷል። ታዲያ የግል ኪስንና የድርጅቱን ካዝና መቀላቀል አይቻልም። ሱቁ የሸጠውን ይዞ ለልጁ ትምህርት ቤት የሚከፍል ሰው «ኃላፊነቴ የተወሰነ ነው» ብሎ ቢከራከር ዳኛው ላይሰማው ይችላል። ባንክ ብድር ሲሰጥ በግላችሁ ዋስ ሁኑ ካላችሁም በዚያ ዕዳ ቤታችሁ ገባበት ማለት ነው። ከመፈረም በፊት ጠይቁ።

ጠበቃ ውድ ነው የምትሉ አላችሁ፤ እውነት ነው፣ አንዳንዱማ ሰላምታውንም ያስከፍላል። ግን ምክር የሚገዛው በመጀመሪያው ቀን ሲሆን ነው ርካሹ። ደግሞ የግልግል ዳኝነት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 አለላችሁ። በውላችሁ ውስጥ የግልግል ስምምነት ካስገባችሁ፣ ስትጋጩ ጉዳዩን የሚያየውን ሰው ራሳችሁ መምረጥ ትችላላችሁ።

ስለዚህ ሥራ አመራሩ ያቀደውን ልንገራችሁ። ከሻይ በኋላ በጎን ባለው ክፍል ሁለት ጠበቆች ይቀመጣሉ። ክፍያውን ማህበሩ ችሏል። መመሥረቻ ጽሑፉን በስልካችሁ የያዛችሁ አሳዩአቸው። ያልያዛችሁ ቤት ደውላችሁ አስልኩት፤ መሳቢያው ውስጥ ነው፣ ከድሮ የኪራይ ውል ስር።

ጉባኤው ተከፍቷል።