ወለሉ ላይ የተጣበቀው ቄጠማ

ማርታ፦ ጤና ይስጥልን፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ሄኖክ እግሩን ሰብስቦ ነው የተቀመጠው። ምክንያቱን እሱ ይንገራችሁ።

ሄኖክ፦ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ በገዛ ቤቴ እንደ ሌባ በእግር ጣቴ ስራመድ ነው የከረምኩት።

ማርታ፦ በል ከመጀመሪያው ጀምር።

ሄኖክ፦ እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት ስንገዛ ሳሎኑ ከዳር እስከ ዳር ምንጣፍ ነበር። ያረጀ ምንጣፍ። አንድ ቀን ጥጉን ገለጥ ባደርገው ከሥሩ ምን አየሁ? ኦክ! እዚህ አካባቢ በ1950ዎቹ የተሠሩ ብዙ ቤቶች እንዲህ ናቸው፣ ጥሩ እንጨት በምንጣፍ ተሸፍኖ። ምንጣፉን ነቅለን ጣልን፣ የመፋቂያ ማሽን ተከራየሁ፣ ወለሉን ፋቅኩት። እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ነኝ።

ማርታ፦ እስከዚህ ድረስ።

ሄኖክ፦ ከዚያ ስቴይኑ መጣ፣ ያ እንጨት የሚቀልምበት ፈሳሽ። ጠቆር ያለ ቡናማ፣ በዘይት የተሠራው ዓይነት። ቀባሁትና ሳየው ሳሳብኝ። ጠቆር ይበልልኝ ብዬ ደህና አድርጌ ጨመርኩበት፣ እንዳለ ተውኩት። ኦገስት መጨረሻ ነው። እንቁጣጣሽ ደርሷል፣ ዘመድ ተጠርቷል፣ እኔ እየተጣደፍኩ ነው።

ማርታ፦ ጣሳው ላይ ግን ትርፉን ጥረግ ይላል እኮ።

ሄኖክ፦ ይላል። ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ጥረግ ይላል። ያነበብኩት በሁለተኛው ሳምንት ነው።

ማርታ፦ እኔ ለሰው ሳስረዳ እንሶስላ ነው የምለው። እናቶቻችን እንሶስላ ሲሞቁ አይተሃል አይደል? የተወቀጠው ሥር እጅና እግር ላይ ይቆያል፣ ከዚያ ይራገፋል። ቆዳው ውስጥ የገባው ቀለም ነው የሚቀረው። ድቋውን እጇ ላይ ተሸክማ ድግስ የምትሄድ ሴት አለች?

ሄኖክ፦ እኔ ድቋውን ተሸክሜ ነበራ!

ማርታ፦ አዎ። ስቴይን ቀለም ቅብ አይደለም። እንጨቱ ይጠጣል፣ የጠገበውን ያህል ይይዛል። ከላይ የተረፈው የትም መግቢያ የለውም። ቫርኒሽ ላዩ ላይ ቆሞ እንዲጠነክር ተደርጎ ነው የሚሠራው፣ ማጣበቂያው ብዙ ነው። ስቴይን ግን ማጣበቂያው ትንሽ ነው። ስለዚህ በወፍራሙ ከተውከው እንደ ማር ይቀመጣል።

ሄኖክ፦ ልክ እንደ ማር! በአምስተኛው ቀን ካልሲዬ ተይዞ ቀረ። እግሬ ሄደ፣ ካልሲው እዚያው።

ማርታ፦ ምን አደረግክ?

ሄኖክ፦ መስኮቱን ሁሉ ከፈትኩታ። አየር ይግባ ብዬ።

ማርታ፦ በሜሪላንድ ኦገስት!

ሄኖክ፦ ቆይቼ እርጥበት መለኪያ ገዛሁ። ሳሎኑ ውስጥ 70 በመቶ ይላል። ለካ አየር ያስገባሁ መስሎኝ እንፋሎት ነው ያስገባሁት።

ማርታ፦ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። የታጠበ ልብስ ሲደርቅ ውሃው ተንኖ ይሄዳል፣ አለቀ። ዘይት ግን እንደዚያ አይደለም። መጀመሪያ ማቅጠኛው ይተናል፣ ያ አፍንጫ የሚወጋው ሽታ እሱ ነው። ከዚያ ዘይቱ ከአየሩ ኦክስጅን እየወሰደ ይጠነክራል። ብርድ ያዘገየዋል፣ እርጥበት ያዘገየዋል። ወፍራም ከሆነ ደግሞ ላዩ ይደርቃል፣ ውስጡ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። በእንዲህ ያለ ወቅት መስኮቱን ዘግቶ ኤሲውን መክፈት፣ እርጥበት መምጠጫ ማሽን ካለ እሱንም መሰካት ነው። 21 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ፣ እርጥበቱ ከ50 በመቶ በታች ቢሆን ጥሩ ነው።

ሄኖክ፦ እኔ ግን በስምንተኛው ቀን ሲነካ ደህና መሰለኝ። ቫርኒሹን ከበዓሉ በኋላ እቀባለሁ አልኩ። የእንቁጣጣሽ ዕለት የባለቤቴ እናት በጠዋት መጡ። ቡና ሊያፈሉ ነው። ቦርሳቸውን እንዳስቀመጡ ቄጠማ አውጥተው ሳሎኑ ላይ ጎዘጎዙት።

ማርታ፦ አትለኝም!

ሄኖክ፦ ምን ልበላቸው? ደስ ብሏቸው ነው። ሃያ ሰው ረገጠው። ማታ ላነሳው ብል ቄጠማው ወለሉን አልለቅም አለ። እሳቸው ደግሞ አጎንብሰው ያዩና «ልጄ፣ ይሄ ቤት ሰው ይወዳል» ይሉኛል።

ማርታ፦ (ሳቅ) እሺ፣ እንዴት ተገላገልከው?

ሄኖክ፦ በሚኒራል ስፒሪት፣ በዘይት ቀለም ማቅጠኛው። ጨርቁን ማራስ፣ በእንጨቱ ጭረት አቅጣጫ ማሸት፣ ጨርቅ መቀየር። እንደገና ጨርቅ መቀየር። በጣም ወፍሮ የተጋገረው ቦታ ላይ ያንኑ ስቴይን ትንሽ ቀባሁበት።

ማርታ፦ ሰው ሲሰማው እብደት ይመስለዋል፣ ግን ይሠራል። አዲሱ ውስጥ ያለው ማቅጠኛ አሮጌውን ያለሰልሰዋል። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ሁለቱንም አንድ ላይ መጥረግ ነው።

ሄኖክ፦ ቦታ በቦታ፣ በትንሽ በትንሹ። ጉልበቴ አለቀ። ቀለሙም ትንሽ ፈካ አለ።

ማርታ፦ ጠቆር እንዲል ከፈለግክ ጠቆር ያለ ቀለም መምረጥ ነው እንጂ ማወፈር አይደለም። ደግሞ ሌላ መላ አለ። ተፍቆ ያለቀውን ወለል በእርጥብ ጨርቅ እኩል ታረጥበዋለህ። የእንጨቱ ጭረት ብድግ ይላል፣ ብዙ ቀለም ይጠጣል። ግን ውሃው ጨርሶ ሳይደርቅ ስቴይን አይነካም። በምን ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ነበር የጨረስከው?

ሄኖክ፦ እንደ መስታወት ይሁን ብዬ 180።

ማርታ፦ ይኸውልህ! ለኦክ ወለል 80 ወይም 100 ይበቃል። ከዚያ በላይ ካለሰለስከው እንጨቱ አፉን ይዘጋል፣ አይጠጣልህም። ለመሆኑ ጨርቆቹን የት ጣልካቸው?

ሄኖክ፦ የትኞቹን?

ማርታ፦ የጠረግክባቸውን።

ሄኖክ፦ ላስቲክ ውስጥ ጠቅጥቄ ጋራዥ አስቀመጥኳቸው።

ማርታ፦ ሄኖክ!

ሄኖክ፦ ምነው?

ማርታ፦ አሁን አልቀልድም። ብዙው ስቴይን ውስጥ ያለው ዘይት ከተልባ የሚወጣው ነው፣ ወይም የሱ ዘመድ። ኦክስጅን ሲወስድ ሙቀት ያወጣል አይደል? ወለል ላይ ሲሆን ሙቀቱ ይበተናል። የተጨማደደ ጨርቅ ክምር ውስጥ ሲሆን ግን መውጫ የለውም። እየጨመረ፣ እየጨመረ ሄዶ ያለ ክብሪት ይነድዳል። በፌብሩዋሪ 1991 ፊላደልፊያ ላይ ዋን ሜሪዲያን ፕላዛ የሚባል 38 ፎቅ ሕንፃ የተቃጠለው በዚህ ነው። 22ኛው ፎቅ ላይ የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ትተው ሄዱ። 3 የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ።

ሄኖክ፦ እግዚኦ።

ማርታ፦ አንድ በአንድ ዘርግቶ ደጅ ማድረቅ ነው፣ እንጨት ያለበት ቦታ ሳይሆን ሲሚንቶ ላይ። ካልሆነ ውሃ የሞላ የብረት ጣሳ ውስጥ ነክሮ መክደን።

ሄኖክ፦ ዛሬ ቤት ስገባ መጀመሪያ ጋራዥ ነው የምገባው።

ማርታ፦ ቫርኒሹን መቼ ቀባህ?

ሄኖክ፦ ከጠረግኩት በኋላ አራት ቀን ጠበቅኩ። ነጭ ጨርቅ ጫን አድርጌ አሸሁት፣ ምንም ቀለም አልያዘም። ሽታውም ጠፍቷል።

ማርታ፦ ጥሩ ነው። በተለይ ቫርኒሹ በውሃ የተሠራው ዓይነት ከሆነ በዘይት ስቴይን ላይ ቢያንስ 72 ሰዓት መታገስ ነው። ከሥሩ ያልደረቀ ካለ አልያዝ ብሎ ይላጣል።

ሄኖክ፦ እኔም በውሃ የተሠራውን ነው የቀባሁት። አልተላጠም፣ ተመስገን። ግን መስኮቱ ሥር አንዲት የቄጠማ ስንጥር አምልጣኛለች። ከቫርኒሹ ሥር፣ እንዳረንጓዴዋ።

ማርታ፦ ፋቃት!

ሄኖክ፦ የባለቤቴ እናት እምቢ ብለውኛል። እንግዳ በመጣ ቁጥር እጁን ይዘው ወስደው ያሳዩታል።