የኒሴይን ታላቅ ያደረጉት ገባሮቹ

[ምስል፦ በጥድ ደን መካከል የሚገናኙ ሁለት ወንዞች፣ ከአየር ላይ]

ይህ ስፍራ በሳይቤሪያ፣ ስትሬልካ በምትባለው መንደር አጠገብ የሚገኝ የሁለት ወንዞች መገናኛ ነው። ከደቡብ የሚመጣው የኒሴይ ሲሆን ከምሥራቅ የምትመጣው አንጋራ ናት። ከዚህ ወዲያ ወደ ሰሜን እየነጎደ እስከ ካራ ባሕር የሚዘልቀው ውሃ በሙሉ የኒሴይ ተብሎ ይጠራል፤ ሆኖም በዚህ መገናኛ ላይ የበለጠ ውሃ ይዛ የምትደርሰው ገባር የተባለችው አንጋራ ናት። ስለዚህም ይህን ወንዝ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከገባሮቹ ቢጀምር ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

የየኒሴይ ተፋሰስ ወደ 2.6 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት አለው፤ ወደ አርክቲክ ውቅያኖስ ከሚፈሱት ወንዞችም በውሃ ብዛት የሚስተካከለው የለም። ታላላቆቹ ገባሮች ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚመጡት ከአንድ ወገን፣ ከምሥራቁ ደጋ ነው። በምዕራብ በኩል ያለው ረባዳ ሜዳ አብዛኛውን ውሃውን ለጎረቤቱ ለኦብ ወንዝ ስለሚሰጥ ለየኒሴይ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

[ምስል፦ የባይካል ሐይቅ ዳርቻ፣ በብርዱ ወራት]

ወደ ባይካል ሐይቅ ከ300 በላይ ወንዞች ይገባሉ፤ ከእነርሱ ትልቁ ከሞንጎልያ የሚመጣው ሴሌንጋ ነው። ከሐይቁ የሚወጣው ወንዝ ግን አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም አንጋራ ነው። በቡርያት ሕዝብ አፈ ታሪክ መሠረት አንጋራ የአባቷን የባይካልን ቤት ጥላ ወደ ወዳጇ ወደ የኒሴይ ኮበለለች፤ የተቆጣው አባትም መንገዷን ሊዘጋ ትልቅ ቋጥኝ ወረወረባት። ያ ቋጥኝ ዛሬም ወንዙ ከሐይቁ በሚወጣበት ስፍራ መካከል ይታያል፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተሠራው የኢርኩትስክ ግድብ የሐይቁን ውሃ ከፍ ስላደረገው ግን ከውሃው በላይ የቀረው ጫፉ ብቻ ነው። ሐይቁ በበረዶ ሲሸፈን ይህ ስፍራ አይረጋም። ከሐይቁ ጥልቀት የሚሳበው ውሃ ከላይኛው ይልቅ ሞቅ ስለሚል፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ወራት እንኳ የዱር ዳክዬዎች በጭጋጉ ውስጥ ሲዋኙ ይታያሉ።

አንጋራ ውሃዋን ከእንዲህ ያለ ሰፊ ጎተራ ስለምትቀዳ ዓመቱን ሙሉ ሳትዋዥቅ ትፈስሳለች። መሐንዲሶችን የሳባቸውም ይኸው ነው፤ 1,779 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው ጉዞዋ ላይ አራት ታላላቅ ግድቦች ተሠርተውባታል። ከእነዚህም አንዱ የሆነው የብራትስክ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1961 ኃይል ማመንጨት ሲጀምር፣ በሸለቆውና በደሴቶቹ ላይ የነበሩ መንደሮች የእርሻ መሬታቸውንና የአያቶቻቸውን መቃብር ለውሃው ለቅቀው ተነሥተዋል። ስለ ግድቡ የኃይል መጠን ሲነገር ይህም አብሮ ሊነገር ይገባል።

[ምስል፦ የተሰባበረ በረዶ ተሸክሞ የሚወርድ ወንዝ]

የታችኛዋ ቱንጉስካ ጠባይ የአንጋራ ተቃራኒ ነው። ወደ 3,000 ኪሎ ሜትር የምትረዝመው ይህች ወንዝ በመነሻዋ አካባቢ ለሌና ወንዝ እጅግ ትቀርባለች፤ በአንድ ስፍራ በመካከላቸው ያለው ርቀት 15 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ የጥንት ተጓዦች ጀልባቸውን በየብስ እየጎተቱ ከአንዱ ተፋሰስ ወደ ሌላው ይሻገሩ ነበር። ከዚያ ግን ፊቷን አዙራ በኤቨንኪ ሕዝብ ምድር አቋርጣ በቱሩክሃንስክ ከየኒሴይ ጋር ትቀላቀላለች። ከሥሯ ያለው መሬት ዘወትር በረዶ ስለሆነ ውሃ ወደ ውስጥ አያሰርግም፤ በዚህም የተነሣ በብርዱ ወራት እጅግ ትቀንሳለች፤ በግንቦትና በሰኔ ደግሞ የወራት በረዶ በአንድ ጊዜ ሲቀልጥ የዓመቱን ውሃዋን አብዛኛውን ክፍል ታወርዳለች። በጠባብ ገደሎች መካከል የውሃው ከፍታ እስከ 30 ሜትር ሊጨምር ይችላል። ከዚህ በስተደቡብ የምትገባው ድንጋያማዋ ቱንጉስካም ተመሳሳይ ጠባይ አላት።

እንግዲህ ከቱሩክሃንስክ በታች ባለው የኒሴይ ውስጥ ዕድሜያቸው እጅግ የተራራቀ ውሆች አብረው ይፈስሳሉ። ከቱንጉስካ የመጣው ምናልባት ባለፈው ጥቅምት የወረደ በረዶ ነው፤ በአንጋራ በኩል የመጣው ግን ወደ ባይካል ከገባ በኋላ፣ በአማካይ ከ300 ዓመት በላይ በዚያ ጥልቅ ሐይቅ ውስጥ ቆይቶ የወጣ ነው።